የመድኃኒት መጠን ስሌትና ምህጻረ ቃላት፦ የነርሲንግ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ተማሪ የመድኃኒት ስሌት ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ማባዛት ወይም ማካፈል አቅቶት አይደለም። ትዕዛዙን ወይም በቫያሉ (በመድኃኒቱ ጠርሙስ) ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥድፊያ አንብቦ፣ የተሳሳቱ ቁጥሮችን በትክክል አባዝቶ ነው። ስለዚህ ከታች ባሉት መልሶች ከቀመሩ ይልቅ ለንባቡ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተናል። በላቲን ፊደል የሚጻፉት ምህጻረ ቃላት በአጠራራቸው ተቀምጠዋል። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት መጠኖች ስሌት ለመለማመድ ናቸው፤ ታካሚ ፊት ስትቆሙ የሚሠራው የተጻፈው ትዕዛዝ፣ የተቋሙ መመሪያና በእጃችሁ ያለው መድኃኒት ጽሑፍ ነው።

ስሌቱን ከየት ነው የምጀምረው?

ካልኩሌተር ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ። ምን ያህል ታዘዘ? በእጅ ያለው መድኃኒት በስንት ሚሊ ሊትር ወይም በስንት ኪኒን ውስጥ ምን ያህል ይዟል? የሁለቱ መለኪያ አንድ ነው ወይስ ይለያያል? ከተለያየ መጀመሪያ አንድ ዓይነት አድርጉት። ቀጥሎ መልሱ በግምት ስንት ሊሆን እንደሚችል አስቡ፦ ከአንድ ኪኒን ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከአንድ አምፑል ያልፋል? ከዚያ አስሉና መልሱን ከግምታችሁ ጋር አስተያዩ።

ዲጎክሲን 0.25 ሚሊ ግራም ታዟል፣ በእጅ ያለው ባለ 125 ማይክሮ ግራም ኪኒን ነው እንበል። 0.25 ሚሊ ግራም በ1000 ሲባዛ 250 ማይክሮ ግራም ይሆናል፤ 250 ለ125 ሲካፈል 2 ኪኒን። መለኪያውን ሳያስተካክል 0.25ን ለ125 ያካፈለ ሰው 0.002 ኪኒን ያገኛል፤ እንዲህ ያለው ስህተት ወዲያው ይታያል። አደገኛው ትክክል የሚመስለው የተሳሳተ መልስ ነው፤ ቀድሞ መገመት የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ መጠን ከሦስት ኪኒን ወይም ከሁለት ቫያል በላይ ከመጣባችሁ ቁሙና ከትዕዛዙ ጀምራችሁ እንደገና አንብቡ። አልፎ አልፎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይረጋገጥ አይሰጥም።

ብዙ ቀመሮች አሉ፤ የትኛውን ልያዝ?

አንዱን ብቻ ይዛችሁ እስኪዋሃዳችሁ ተለማመዱት። በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው፦

የታዘዘው መጠን ÷ በእጅ ያለው መጠን × መድኃኒቱ ያለበት ሚሊ ሊትር (ወይም የኪኒን ብዛት)

ትራማዶል 75 ሚሊ ግራም ታዞ አምፑሉ 100 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ቢሆን፦ 75 ÷ 100 × 2 = 1.5 ሚሊ ሊትር። ግምቱም ይስማማል፤ ከአንድ አምፑል ያነሰ፣ ከግማሹ የበለጠ።

እዚህ ላይ የሚያሳስተው የአምፑሉ ጽሑፍ ነው። አንዳንዱ አምፑል ጠቅላላ ይዘቱን ይጽፋል፤ «80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር» እንደሚለው። ሌላው ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ያለውን ብቻ፦ «40 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር»። ሁለቱ ያው አንድ መድኃኒት ናቸው። ሁለተኛውን «አምፑሉ በሙሉ 40 ነው» ብሎ ያነበበ ሰው ግን እጥፍ ይሰጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ ጻፉ፤ «40» ብቻ ሳይሆን «40 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር»።

የትኞቹን የመለኪያ ልወጣዎች በቃሌ መያዝ አለብኝ?

1 ኪሎ ግራም 1000 ግራም፣ 1 ግራም 1000 ሚሊ ግራም፣ 1 ሚሊ ግራም 1000 ማይክሮ ግራም ነው። 1 ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር፤ ሲሲ የሚባለውም ሚሊ ሊትር ነው። 1 ኪሎ ግራም 2.2 ፓውንድ ነው። ከትልቁ ወደ ትንሹ ስትሄዱ በ1000 ታባዛላችሁ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ስትመለሱ ለ1000 ታካፍላላችሁ። ነጥቡ ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ይዘላል እንጂ አንድ ወይም ሁለት ቦታ አይዘልም።

የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይሰላል። ይሁን እንጂ የቤት ማንኪያዎች እርስ በርስ ስለሚለያዩ ለቤተሰብ ስታስረዱ በሚሊ ሊትር ተናገሩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጥታችሁ የት መስመር ድረስ እንደሚሞላ አሳዩ።

ለሕፃናት በኪሎ ሲታዘዝ እንዴት ነው የሚሰላው?

መጀመሪያ ክብደቱን ዛሬ መዝኑ። ከወራት በፊት የተመዘገበ ክብደት ለሕፃን አይሠራም። በድንገተኛ ሁኔታ መመዘን ካልተቻለ ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ዕድሜው ላይ 4 ደምሮ በ2 ማባዛት ግምታዊ ኪሎ ይሰጣል፤ የ3 ዓመት ልጅ (3 + 4) × 2 = 14 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ግምት መሆኑን ካርዱ ላይ ጻፉ፤ ሲቻልም በትክክለኛው ክብደት ተኩት።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ወጥመድ «በኪሎ በቀን» እና «በኪሎ በአንድ ጊዜ» የሚሉትን ማምታታት ነው። አሞክሲሲሊን በቀን 80 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ በሁለት ተከፍሎ ይሰጥ ተብሎ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ታዘዘ እንበል። የቀኑ ድምር 80 × 10 = 800 ሚሊ ግራም ነው፤ ለሁለት ሲከፈል በአንድ ጊዜ 400 ሚሊ ግራም። ሽሮፑ 250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ከሆነ 400 ÷ 250 × 5 = 8 ሚሊ ሊትር፣ በየ12 ሰዓቱ። «በቀን» የሚለውን ያላየ ሰው 16 ሚሊ ሊትር ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ፓራሲታሞል ደግሞ የሚታዘዘው በአንድ ጊዜ ነው፦ 15 ሚሊ ግራም በኪሎ። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 180 ሚሊ ግራም፤ 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር በሆነው ሽሮፕ 7.5 ሚሊ ሊትር። ስለዚህ ከማስላታችሁ በፊት «በቀን» ወይም «በአንድ ጊዜ» የሚለውን ቃል አክብቡት።

አራስ ሕፃን ላይ ደግሞ አምፑሉ ራሱ ያሳስታል። ጄንታማይሲን በ20 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትርም፣ በ80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትርም ይመጣል፤ የሁለቱም ፈሳሽ መጠን እኩል ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን አራስ 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ቢታዘዝ 15 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከመጀመሪያው አምፑል 1.5 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው 0.375 ሚሊ ሊትር ነው የሚቀዳው፤ የኋለኛው በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ወደ 0.38 ተጠጋግቶ ይቀዳል። ትናንት በነበረው አምፑል የለመደች እጅ ዛሬ ከጠንካራው 1.5 ሚሊ ሊትር ብትቀዳ ሕፃኑ 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አራት እጥፍ ይወስዳል። ጄንታማይሲን ኩላሊትንና መስማትን የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ስለዚህ የትናንቱን ሚሊ ሊትር ከካርዱ ገልብጣችሁ አትቅዱ፤ ሚሊ ግራሙን ይዛችሁ በያንዳንዱ ጊዜ ከአምፑሉ ጋር አስሉት።

በመቶኛ ወይም በ1:1000 የተጻፈውን ወደ ሚሊ ግራም እንዴት ልቀይር?

መቶኛ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ግራም ነው። አቋራጩ ቁጥሩን በ10 ማባዛት ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ያለውን ሚሊ ግራም ይሰጣችኋል። ሊዶካይን 2 በመቶ 20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ነው። ግሉኮስ 40 በመቶ 400 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ስለሆነ 20 ሚሊ ሊትሩ 8 ግራም ይይዛል።

1:1000 ማለት 1 ግራም በ1000 ሚሊ ሊትር፣ በሌላ አነጋገር 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ነው። 1:10000 ደግሞ 0.1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር። ከታች ያለው ቁጥር ሲተልቅ መድኃኒቱ ይሳሳል፤ ይህን በግልባጩ የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። አድሬናሊን ላይ የዚህ ጣጣ አሥር እጥፍ ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.01 ሚሊ ግራም በኪሎ 0.12 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለከባድ አለርጂ በጡንቻ ሲሰጥ ከ1:1000 የሚቀዳው 0.12 ሚሊ ሊትር ነው። ልብ ሲቆም በደም ሥር ሲሰጥ ከ1:10000 የሚቀዳው 1.2 ሚሊ ሊትር ነው። ሚሊ ግራሙ አንድ ነው፣ ሚሊ ሊትሩ ግን ይለያያል። ባለ 1:10000 ከሌለ 1 ሚሊ ሊትር ከ1:1000 ላይ ቀድታችሁ 9 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ለመርፌ የሚሆን የጨው ውሃ) ጨምሩበት፤ ሲሪንጁ ላይም ወዲያው ለጥፋችሁ ጻፉ።

ጠንካራውን ወደ ቀጭን ሳወርድ ምን ያህል ውሃ ልጨምር?

የምትፈልጉትን ጥንካሬ በምትፈልጉት ጠቅላላ መጠን አባዝታችሁ፣ በእጃችሁ ላለው ጥንካሬ አካፍሉ፤ የሚመጣው ከጠንካራው የምትቀዱት ነው። ቀሪው እስከ ጠቅላላው ድረስ በውሃ ይሞላል። ማግኒዚየም ሰልፌት 50 በመቶ በእጅ ቢኖርና 4 ግራም በ20 በመቶ ተዘጋጅቶ ይሰጥ ቢባል፦ ባለ 50 በመቶው 500 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ስለሆነ 4 ግራም 8 ሚሊ ሊትር ላይ ይገኛል። 4 ግራም በ20 በመቶ 20 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ስለዚህ 8 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 12 ሚሊ ሊትር ለመርፌ የሚሆን ውሃ።

የተለመደው ስህተት 8ቱን 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ መጨመር ነው። ጠቅላላው 28 ሚሊ ሊትር ይሆንና ጥንካሬው ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። ግራሙ ባይለወጥም በደቂቃ የሚገባው ይለወጣል፤ 20 ሚሊ ሊትር ላይ ያቆመ ሰውም መድኃኒቱን አጉድሎ ይሰጣል። ማግኒዚየም ሲሰጥ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 10 በመቶ፣ 10 ሚሊ ሊትር (1 ግራም) አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፤ የመተንፈስ ብዛት፣ የጉልበት ሪፍሌክስና የሽንት መጠንም ይታያሉ።

ዱቄት ሲበጠበጥ መጠኑ ለምን ይጨምራል?

ዱቄቱ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ነው። አምፒሲሊን 500 ሚሊ ግራም ቫያል ላይ 2.1 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመር የሚገኘው 2.1 ሳይሆን 2.5 ሚሊ ሊትር ነው። 350 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ 350 ÷ 500 × 2.5 = 1.75 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። በ2.1 ያሰላ ሰው 1.47 ሚሊ ሊትር ይቀዳና 294 ሚሊ ግራም ብቻ ይሰጣል። ሙሉ ቫያሉ የሚሰጥ ከሆነ ይህ ልዩነት ለውጥ አያመጣም፤ ከፊሉ ሲቀዳ ግን ዋጋ አለው። ዱቄቱ የሚይዘው ቦታ እንደ አምራቹ ሊለያይ ስለሚችል ከቫያሉ ጋር ያለውን ወረቀት ተከተሉ። ከበጠበጣችሁ በኋላ ቀንና ሰዓቱን፣ የተገኘውን ጥንካሬና ስማችሁን ቫያሉ ላይ ጻፉ። ካልተጻፈ ቀጣዩ ተረኛ በምን ያህል እንደተበጠበጠ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የጠብታ ብዛት በደቂቃ እንዴት ይሰላል?

ጠቅላላ ሚሊ ሊትር × በአንድ ሚሊ ሊትር ያለው ጠብታ ÷ ጊዜው በደቂቃ

በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚወርድ የሚወስነው ሴቱ (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) ነው፤ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ትልቁ ጠብታ 10፣ 15 ወይም 20 ሲሆን፣ ትንሹ (ማይክሮ ድሪፕ) 60 ነው። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ በባለ 20 ሴት፦ 1000 × 20 ÷ 480 = 41.67፤ ወደ 42 ጠብታ በደቂቃ ይጠጋጋል። ያው ትዕዛዝ በባለ 15 ሴት 31 ጠብታ ይሆናል። ሴቱ ሲቀየር እንደገና ማስላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰዓቱን በ60 ማባዛት መርሳትም የተለመደ ነው፤ መልሱ በመቶዎች ወይም በሺዎች ከመጣ መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

በማይክሮ ድሪፕ 60 ጠብታና 60 ደቂቃ ስለሚጣፉ የጠብታው ቁጥር ከሚሊ ሊትር በሰዓት ጋር እኩል ነው። ለምሳሌ የ18 ኪሎ ልጅ የቀን ፈሳሽ ለመጀመሪያው 10 ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ ለቀሪው 8 ኪሎ 50 ሚሊ ሊትር በኪሎ ተብሎ ሲሰላ 1000 + 400 = 1400 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ለ24 ሲካፈል 58 ሚሊ ሊትር በሰዓት፣ በማይክሮ ድሪፕ 58 ጠብታ በደቂቃ።

ጠብታውን ስታስተካክሉ ሰዓታችሁን ከጠብታው ክፍል ጎን ይዛችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የአንድ ጠብታ ስህተትን አራት ያደርገዋል። ታካሚው እጁን ሲያጥፍ፣ ሲነሳ ወይም የመስቀያው ከፍታ ሲቀየር ፍሰቱም ስለሚቀየር ከ15 ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ ቁጠሩ።

ፈሳሹ ወደኋላ ከቀረ አፍጥኜ ላካክስ?

ዝም ብሎ መክፈት አይቻልም። ከላይ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ በባለ 20 ሴት ባሰላነው ምሳሌ ከ4 ሰዓት በኋላ 500 መቅረት ሲገባው 700 ሚሊ ሊትር ቀረ እንበል። በቀሪው 4 ሰዓት ለመጨረስ 700 × 20 ÷ 240 = 58 ጠብታ ይመጣል፤ ከ42 ሲነጻጸር ወደ 40 በመቶ ጭማሪ ነው። በነርሲንግ ትምህርት በብዛት የሚሠራበት ገደብ 25 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሐኪሙ ተጠይቆ አዲስ ትዕዛዝ ይጻፋል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ አረጋዊና ሕፃን ላይ ከ25 በመቶ በታችም ቢሆን ጠይቁ። ፖታሲየም ወይም ሌላ መድኃኒት የተጨመረበት ፈሳሽ ደግሞ ለማካካስ ጨርሶ አይፋጠንም።

ማይክሮ ግራም በኪሎ በደቂቃ የታዘዘውን ወደ ሚሊ ሊትር በሰዓት እንዴት እቀይራለሁ?

በአንድ ቀመር ለመጨረስ ከመሞከር ደረጃ በደረጃ ሂዱ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ ዶፓሚን 5 ማይክሮ ግራም በኪሎ በደቂቃ ታዟል፤ 200 ሚሊ ግራም በጠቅላላ 250 ሚሊ ሊትር ውስጥ ተዘጋጅቷል። በደቂቃ 5 × 60 = 300 ማይክሮ ግራም። በሰዓት 300 × 60 = 18000 ማይክሮ ግራም። ፈሳሹ በሚሊ ሊትር የያዘው 200 ÷ 250 = 0.8 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 800 ማይክሮ ግራም ነው። 18000 ÷ 800 = 22.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት።

በዚህ ምሳሌ ኪሎውም ደቂቃውም 60 መሆናቸውን ልብ በሉ። ሁለት 60 ሲያይ አንዱን «አስቀድሜ አባዝቻለሁ» ብሎ የሚዘል አለ። ከያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውን የሚጽፍ ግን አይዘልም።

የኢንሱሊን ስሌት ለምን የተለየ ነው?

ኢንሱሊን የሚለካው በዩኒት፣ የሚቀዳውም በራሱ ሲሪንጅ ብቻ ስለሆነ ነው። በብዛት ያለው ኢንሱሊን 100 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው፤ ለዚህ ባለ 100 ሲሪንጅ ያስፈልጋል፤ ያኔ 20 ዩኒት ሲታዘዝ 20 ላይ ማቆም ብቻ ነው። ባለ 40 ሲሪንጅም ስላለ ሁለቱ ከተደባለቁ ነገሩ ይበላሻል። ባለ 40ው ላይ 20 የሚለው መስመር 0.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ባለ 100 ኢንሱሊን እስከዚያ ከተቀዳበት ታካሚው 50 ዩኒት፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ይወስዳል። ከመቅዳታችሁ በፊት ቫያሉ ላይ ያለው ቁጥርና ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ሌላ ባለሙያ ራሱ ያረጋግጥ።

ሚሊ ኢክዊቫለንትና ሚሊ ሞል ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሁለቱም እንደ ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት መጠን የሚለካባቸው ናቸው። ለፖታሲየምና ለሶዲየም ቁጥሩ አንድ ነው፤ ለካልሲየምና ለማግኒዚየም 1 ሚሊ ሞል 2 ሚሊ ኢክዊቫለንት ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ 1 ግራሙ 13.4 ሚሊ ሞል ስለሆነ ባለ 10 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር አምፑል 13.4፣ ባለ 15 በመቶው 20 ሚሊ ሞል ይይዛል። «አንድ አምፑል ፖታሲየም» የሚል ትዕዛዝ ስለዚህ ያልተሟላ ትዕዛዝ ነው። ያልተበረዘ ፖታሲየም በደም ሥር በቀጥታ አይሰጥም፤ ልብን ያቆማል። ከተጨመረ በኋላም ከረጢቱን ደጋግማችሁ ገልብጡት፤ አለበለዚያ ከታች ይጠራቀምና ቀድሞ ይገባል።

ጊዜን የሚገልጹት ምህጻረ ቃላት የትኞቹ ናቸው?

ቢአይዲ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቲአይዲ ሦስት ጊዜ፣ ኪውአይዲ አራት ጊዜ ነው። ስታት ወዲያውኑ፣ አንድ ጊዜ። ኤሲ ከምግብ በፊት፣ ፒሲ ከምግብ በኋላ። ኤንፒኦ በአፍ ምንም አይወሰድ። ፒአርኤን ሲያስፈልግ ብቻ፤ ይህ ትዕዛዝ ግን ለምን ችግር፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት እስከ ምን ያህል የሚሉት ካልተጻፉበት ሙሉ አይደለም።

ቲአይዲ እና በየ8 ሰዓቱ አንድ ተደርገው ይታያሉ፤ ግን አይደሉም። ቲአይዲ ብዙ ጊዜ ታካሚው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ይከፋፈላል። «ኪው ስምንት ኤች» ግን ሌሊቱንም ጨምሮ 8 ሰዓት ጠብቆ ነው። በደም ውስጥ መጠናቸው እንዳይወርድ ለሚፈለጉ እንደ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ላሉ መድኃኒቶች ልዩነቱ ትርጉም አለው።

የመስጫ መንገዶቹስ?

ፒኦ በአፍ፣ አይቪ በደም ሥር፣ አይኤም በጡንቻ፣ ኤስሲ ከቆዳ ሥር፣ አይዲ በቆዳ ውስጥ፣ ኤስኤል ከምላስ ሥር፣ ፒአር በፊንጢጣ፣ ፒቪ በብልት፣ ኤንጂ በአፍንጫ ቱቦ። ኤስሲ በእጅ ጽሑፍ ኤስኤል ሊመስል ስለሚችል «ሰብኪዩት» ተብሎ መጻፉ ይሻላል።

የማይጻፉት ምህጻረ ቃላት የትኞቹ ናቸው? ለምን?

በአሜሪካ የጤና ተቋማትን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 ያወጣው የክልከላ ዝርዝር በብዙ አገር ለማስተማሪያ ይውላል። ዩኒትን በ«ዩ» ፊደል ማሳጠር ክልክል ነው፤ ዜሮ ይመስላልና 10 ዩ 100 ተብሎ ይነበባል። አይዩ (ዓለም አቀፍ ዩኒት) ከአይቪ ወይም ከ10 ጋር ይመሳሰላል። ኪውዲ (በየቀኑ) እና ኪውኦዲ (በየሁለት ቀኑ) እርስ በርስ ይምታታሉ፤ ቃሉ በሙሉ ይጻፋል። ኤምኤስ ሞርፊን ሰልፌትም ማግኒዚየም ሰልፌትም ሊሆን ስለሚችል የመድኃኒቱ ስም ሳያጥር ይጻፋል።

የዜሮ ደንብ ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ በየቀኑ የሚያስፈልጋችሁ ነው። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጨመርም፤ 5.0 ነጥቡ ካልታየ 50 ነው። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፋል፤ .5 ነጥቡ ከጠፋ 5 ነው። ሁለቱም አሥር እጥፍ ናቸው።

ከዝርዝሩ ውጭ ደግሞ ሦስት ነገር አክሉ። ለማይክሮ ግራም የግሪክ ፊደል ያለበት ምልክት በእጅ ሲጻፍ ሚሊ ግራም ስለሚመስል ሺህ እጥፍ ሊያሳስት ይችላል። ሲሲ ሁለት ዜሮ ስለሚመስል ሚሊ ሊትር ብላችሁ ጻፉ። ኦዲ ለአንዳንዱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለዓይን ሐኪም ቀኝ ዓይን ነው፤ «በቀን አንድ ጊዜ» ወይም «ቀኝ ዓይን» ብሎ መጻፍ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

መልሱን መቼና እንዴት ላጠጋጋ?

መጨረሻ ላይ ብቻ። በመሃል ያጠጋጋችሁት ቁጥር ሲባዛ ስህተቱም አብሮ ይባዛል። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ከነጥብ በኋላ እስከ ሁለት አኃዝ (0.38)፣ ከ1 በላይ ከሆነ ከነጥብ በኋላ እስከ አንድ አኃዝ (2.3)፣ ሲሪንጁ ላይ ያሉት መስመሮች እስከሚፈቅዱት። ጠብታ ሙሉ ቁጥር ነው። ኪኒን በግማሽ የሚሰጠው መሃሉ ላይ የመክፈያ መስመር ካለው ብቻ ነው። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ኪኒን አይፈጭም፤ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት የታሰበው መጠን በአንዴ ይለቀቃል።

ትዕዛዙ ግልጽ ካልሆነ ምን ላድርግ?

አትስጡ፤ የጻፈውን ሐኪም ጠይቁ። የእጅ ጽሑፍን በብዙ ሰው አስተያየት መፍታት ትዕዛዝ ማረጋገጥ አይደለም። በስልክ የተሰጠ ትዕዛዝ ከሆነ እየሰማችሁ ጻፉ፣ ከዚያ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡለት። ቁጥሮችን አንድ በአንድ ጥሩ፦ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ስለሚመሳሰሉ «አንድ፣ አምስት» ወይም «አምስት፣ ዜሮ» በሉ። የታካሚው ስም፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ ከነመለኪያው፣ መንገዱ፣ የጊዜ ልዩነቱ፣ ያዘዘው ሰውና ሰዓቱ ካርዱ ላይ ይስፈሩ። በጥንድ ስታረጋግጡም መልሳችሁን ለሁለተኛው ሰው አስቀድማችሁ አትንገሩት፤ ትዕዛዙንና አምፑሉን ብቻ ሰጥታችሁ ለብቻው ያስላ፤ ከዚያ ሁለቱን መልሶች አስተያዩ።